የቆመች የሞተር ጀልባ ገዝቶ ማስነሳት፤ ለጣና ዳር ሰው

ባሕር ዳር ላይ የሐይቁን ዳር ይዛችሁ ብትሄዱ ሸራ ለብሰው የቆሙ፣ ሣር የበቀለባቸው፣ ዶሮ የሰፈረባቸው ጀልባዎች ማየታችሁ አይቀርም። ባለቤቱ ሌላ ሥራ ይዟል። ወይ ቱሪስት ሲጠፋ ተስፋ ቆርጧል። ወይ ደግሞ ሞተሩ አንድ ቀን እምቢ ብሎት «በኋላ አሠራዋለሁ» እንዳለ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነቷ ጀልባ በርካሽ ትገኛለች። ችግሩ ከገዙ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ አትሳቡ። ለዓመታት የቆመ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ታፍኗል። የነዳጁ መንገድ ተደፍኗል፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ ደርቋል፣ ካንዴላው ሻግቷል። የሚገድለው አዲሱ ገዢ ነው። በተረከበ ዕለት ጓደኞቹን ሰብስቦ ገመድ ይጎትታል፤ ሞተሩ ድንገት ይነሳል፤ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የማያገኘው ሞተር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፤ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ወጪው ሌላ ነው።

እዚህ የማወራው ከኋላ ስለሚታሰረው ባለቤንዚን ሞተር ነው። ጣና ላይ በብዛት የምታዩት ያማሃ ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት)፣ ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ዓይነት ማለት ነው። ፎር ስትሮክ ከሆነ የራሱ የሞተር ዘይት ስላለው ዘይቱንና ፊልትሮውን መቀየር ይጨመርበታል፤ ቤንዚኑም ከዘይት ጋር አይቀላቀልም። የቀረው ያው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሞተሩን አትዩ። ሞተር ወርዶ ይሠራል፣ ካልሆነም ይቀየራል። የበሰበሰ ጀልባ ግን ቀዳዳው በደፈናችሁት ቁጥር ሌላ ቦታ ይከፈታል።

የላሜራ ጀልባ ከሆነች መዶሻና ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። የወለሉን ጣውላ አንሱ። ውሃ የሚጠራቀመው ከሥሩ ስለሆነ ዝገቱም የሚበላው እዚያ ነው። በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤናማ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የሳሳው ድምፁ ይታፈናል። የብየዳ መስመሮቹን በካቻቢቴው ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ ካለፈ ዋጋ የምታወርዱበት ምክንያት አገኛችሁ። አምስት ቦታ ካለፈ ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ፋይበር ግላስ ከሆነች የላይ ቀለሟ መሰነጣጠቁ አያስደንግጣችሁ። ዋናው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙዎቹ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። በብሎን ቀዳዳዎች ውሃ ይገባና ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። የሞተሩን እግር፣ ማለትም ወደ ውሃው የሚገባውን የታችኛውን ክፍል፣ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ በስብሷል። ካልረካችሁ አንዱን ብሎን አስፈቱ። ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ወይም የራሰ የእንጨት ፍቅፋቂ ከወጣ፣ ያንን ግድግዳ ቆርጦ እንደገና መሥራት የግድ ነው። ዋጋውን በዚህ ልክ አስቡት።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ባለፈው ክረምት ዘጌ ደርሳ መጥታለች» ይላችኋል። ሊሆን ይችላል። የትኛው ክረምት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሽፋኑን አንሱና ካንዴላዎቹን ፍቱ። ከላይ ያለውን ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩት። ከዞረ እሰየው። ካልዞረ ነክሷል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ተስፋ አያስቆርጥም፤ ዋጋውን ግን በግማሽ ማውረድ አለበት።

ከዞረ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ። መለኪያው የመኪና ጋራዥ ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ መካኒክም ጭምር፣ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በ20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤናማ ሲሊንደር እዚህ 95 ገደማ ቢያሳይ አልደከመም። ከቁጥሩ ይልቅ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸውን እዩ። አንዱ 95 ሆኖ ሌላው 60 ከሆነ ወይ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተበልቷል፣ ወይ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ ወይ ሲሊንደሩ ተጭሯል። ከ15 ከመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም።

ቀጥሎ የማርሽ ዘይቱ። በሞተሩ እግር ጎን ላይ ሁለት ሰፋ ያሉ ቪቶች አሉ፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ። ሳህን አስቀምጡና የታችኛውን በጥቂቱ አላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ውስጡ ውሃ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ የፕሮፔለሩን ዘንግ ከውሃ የሚከላከለው ኦይል ሲል አልቋል። ጣና ላይ ይህን ጥፋት በብዛት የሚያመጣው የዓሣ መረብ ነው። የናይለኑ ክር ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጎማውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩን አስወልቃችሁ ከኋላው ክር መኖር አለመኖሩን እዩ። ሲሉ ራሱ ውድ አይደለም። ማርሾቹ ዝገው ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። የሞተሩ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ በጀልባው ላይ በሚታሰርበት እጀታ ጎን ላይ ትገኛለች። ተፍቃ ከሆነ ጠርጥሩ። ካለች ቁጥሩን ውሉ ላይ አስጽፉ። ጀልባዋ የተመዘገበች መሆኗን፣ ሰው ለመጫን ካሰባችሁም ምን ምን እንደሚያስፈልግ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

የነከሰውን ማላቀቅ

ቮላኖው እምቢ ካለ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹን ፍቱና በእያንዳንዱ ቀዳዳ ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ጨምሩ። ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን የተኙ ስለሆኑ ሞተሩን እንዳይፈስ አጋድሙት። ለጥቂት ቀናት ተዉት። በየቀኑ ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞክሩ። መዶሻ አያስፈልግም፤ ረጅም ቱቦ ሰክቶ መጠምዘዝም አያስፈልግም። ፒስተኑ በጥቂቱም ቢሆን ከተንቀሳቀሰ ተሳክቷል። ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ ካንዴላ ሳትገጥሙ ደጋግማችሁ አዙሩት፤ የተረፈው ቅልቅል ይውጣ። አዲስ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ኮምፕሬሽኑን ለኩ። ሳምንት ጠብቃችሁም ካልተነቃነቀ ቴስታታውን ማንሳት ነው ያለው።

አንደኛ ውሃ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው የሞተሩ ሕይወት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። የሚስበው ፓምፕ በእግሩ ውስጥ፣ ከማርሽ ሳጥኑ በላይ አለ። ሆዱ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል ክንፍ ክንፍ ያለው ጎማ ይሽከረከራል። ሞተሩ ሲቆም ክንፎቹ እንደታጠፉ ይደርቃሉ። አንዳንዶቹ ይሰነጠቃሉ፤ ሞተሩ ሲነሳም ይረግፋሉ። ደረቅ ፓምፕ ለሰከንዶች ብቻ ቢዞር እንኳ ጎማው ይቃጠላል። ስለዚህ አዲስ ኢምፔለር ሳትገጥሙ ሞተሩን አታስነሱ። «አሮጌው ደህና ይመስላል» የሚል ወሬ አትስሙ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ባትሪ ካለ አላቁት፣ ካንዴላ ፍቱ። ማርሹን የሞተሩ ማንዋል በሚለው ቦታ ላይ አድርጉት። በእግሩ መጋጠሚያ አካባቢ የማርሹን ዘንግ የሚያገናኝ ነገር አለ፤ እሱን ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትመልሱት ፎቶው ከማንም መካኒክ ይሻላችኋል። ከዚያ እግሩን የያዙትን አራት ወይም አምስት ብሎኖች ፍቱ። ዝገው እምቢ ካሉ አታስገድዱ። ደብሊውዲ 40 ረጩና አሳድሯቸው፤ በማግስቱም ካልሆነ የአሉሚኒየሙን አካል በሙቅ አየር ወይም በፈላ ውሃ አሙቁ። የተቆረጠ ብሎን ቶርኖ ቤት ያስገባችኋል።

እግሩ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ረጅም ዘንግ ይታያል። ፓምፑ ከዘንጉ ሥር ነው። የቤቱን ብሎኖች ፈታችሁ አንሱት። ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ቁልፍ አለ፤ እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ። አሮጌው ጎማ ክንፍ ጎድሎት ከሆነ የጎደለው የሆነ ቦታ አለ። ወደ ላይ በሚወጣው የውሃ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ቱቦውን ንፉበት፣ ውሃ ልቀቁበት፣ ቁራጩ እስኪወጣ አትተዉት። ካልወጣ አዲሱ ፓምፕም አይረዳችሁም።

አዲሱን ስትገጥሙ ክንፎቹን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ቤቱን ወደ ታች እየተጫናችሁ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ፤ ክንፎቹ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይታጠፋሉ። ጓርኒሲዮኖቹን ሁሉ አዲስ አድርጉ። የዘንጉን ጥርሶች ውሃ የማያጥበው ግሪስ ቀቡ። እግሩን መልሳችሁ ስታስገቡ የውሃ ቱቦው በትክክል መሰካቱን እዩ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። የማርሽ ዘይትም በዚያው ቀይሩ። አዲሱን ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ እየገፋችሁ ሙሉት፤ በላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ ሞልቷል። የላይኛውን ቪት መጀመሪያ ዝጉ፣ ከዚያ የታችኛውን።

ኢምፔለሩ ባሕር ዳር ሱቅ ላይ ላይገኝ ይችላል። ካንዴላ፣ ቱቦ፣ ፋሼታ፣ ባትሪ፣ ዘይት የመኪና መለዋወጫ ቤቶች ውስጥ አይጠፋም። የሞተሩን ሞዴልና ቁጥር ይዛችሁ አዲስ አበባ አስፈልጉ፤ ወይም ከናይሮቢና ከካምፓላ የሚመጣ ሰው ለምኑ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ብዙ ዓሣ አስጋሪ በዚሁ ዓይነት ሞተር ስለሚሠራ መለዋወጫው እዚያ በሽ ነው። ሁለት አስመጡ። ጣና በክረምት ደለል ይሞላል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት የሚገቡት አፈር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጎማውን ይፈገፍገዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መቀየር ይሻላል።

ሁለተኛ ነዳጅ

ታንኩ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቤንዚን አትጠቀሙበት። «ትንሽ አዲስ ጨምሬ ባቀላቅለው» ማለትም አያዋጣም። ቤንዚን ሲቆም ተኖ የቀረው ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሩን ክዳን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ሳይሆን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ከታች ዝልግልግ ያለ ነገር ያያችሁ እንደሆነ የሞተሩን በሽታ አገኛችሁት።

ካርቡራተሩን አውጡትና ነጭ ጨርቅ ላይ ፍቱት። የአየር ማስተካከያዋን ቪት ከመንቀላችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉ። በኋላ ወደዚያው ትመልሷታላችሁ። ጂግለሮቹን፣ ማለትም ቀዳዳ ያላቸውን የነሐስ ቪቶች፣ አውጡና ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ቀዳዳው ክብ ብሎ ጥርት ካላለ ተደፍኗል። በካርቡራተር ማጽጃ ንከሩና በአየር ንፉ። የብረት ሽቦ አትክተቱበት። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የነዳጁም መጠን ይዛባል። ጣና ዳር ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል፤ የዓሣ መረብ ናይለን ክር ቀዳዳውን ሳይጎዳ ያጸዳል። ተንሳፋፊው ውስጥ ቤንዚን ገብቶ እንደሆነም ጆሯችሁ ሥር ይዛችሁ ነቅንቁት።

ከካርቡራተሩ በተጨማሪ ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈች ጠፍጣፋ የነዳጅ ፓምፕ አለች፤ ውስጧ ስስ ላስቲክ ነው። ከደረቀ ሞተሩ ቀስ ሲል ይሠራል፤ ጋዝ ሲሰጡት ይሞታል። ቱቦውንና በእጅ የሚጨመቀውን የጎማ ፓምፕም እዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን ባያፈስ እንኳ አየር ይስባል። የጎማው ፓምፕ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማየት አለበት።

ቅልቅሉን በተመለከተ የሞተሩን ማንዋል ወይም ሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ተከተሉ። በብዙዎቹ 50 ለ 1 ነው። ማለትም ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት። በግምት አታፍስሱ፤ የመለኪያ ጠርሙስ ያዙ። ዘይቱ በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ፣ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል የተጻፈበት ይሁን። የሞተር ሳይክሉ ዘይት ሌላ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ካንዴላውን ያጠቁረዋል፣ ፋሻውን ያጣብቀዋል።

ቤንዚን መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጥ አትግዙ። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ይገጥማችኋል። ማደያውም በጀሪካን አልቀዳም ሊል ስለሚችል ምን ወረቀት እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጠረጠራችሁትን ቤንዚን በጠራ ብርጭቆ ቀድታችሁ ትንሽ አቆዩት። ውሃ ካለው ከሥር ለብቻው ይቀመጣል።

ሦስተኛ እሳት

ይህ አጭር ነው። አዲስ ካንዴላ በሞተሩ ማንዋል ቁጥር ግዙ። ካንዴላውን እሳት ከሚያመጣለት ሽቦ ጋር አገናኙ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቃችሁ ገመድ ሳቡ። ሰማያዊ ብልጭታ ከጠጣ ድምፅ ጋር ካያችሁ ጨርሳችኋል።

ካላያችሁ ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ጥቅል ሽቦ፣ ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ ቀዩን የማጥፊያ ገመድ እዩ። ነጂው እጁ ላይ የሚያስራት፣ ጫፏ ቁልፉ ሥር የምትሰካ ናት። የቆሙ ጀልባዎች ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍታለች። እሷ ከሌለች ሞተሩ እሳት አይሰጥም። እሷም ኖራ እሳት ከሌለ፣ ወደ ማጥፊያው የሚሄደውን ሽቦ ለጊዜው አላቁና እንደገና ሞክሩ። አሁን ከበራ ችግሩ ማጥፊያው ነው። ካልበራ አይጥ የበላው ሽቦና የዛገ መሬት መያዣ ፈልጉ። አሮጌ ሞተር ከሆነ ቮላኖው ሥር ያለውን፣ እሳቱን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ፕላቲን በስሱ የብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ከዚህ በኋላ ነው ቦቢናና ሲዲአይ (የኤሌክትሮኒክ እሳት መቆጣጠሪያው) የሚጠረጠሩት።

በርሜል ውስጥ ማስነሳት

አሁን ሞተሩን ለማስነሳት ገመድ መሳብ ይቻላል። ሐይቁ ላይ ግን አይደለም። ባለ 200 ሊትር በርሜል አፉን አስቆርጡ፤ ሞተሩን ጠንካራ እንጨት ላይ እሰሩና እግሩን በርሜሉ ውስጥ አስገቡ። ፕሮፔለሩን አውልቁ። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ አልፎ ፓምፑን መሸፈን አለበት። ቦታው ደጅ ይሁን፤ ጭሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አኑሩ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ጎረቤት ካለ አርቁ።

የታንኩን የአየር መተንፈሻ ክፈቱ። የጎማውን ፓምፕ እስኪጠነክር ጨምቁ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ ቾኩ (የአየር መዝጊያው) ተስቦ፣ ቀዩ ገመድ ተሰክቷል። ገመዱን መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ሲይዝ አንዴ ፈጠን አድርጉ። ሞተሩ እንደ ማስነጠስ ካለ ቾኩን መልሱና ድገሙ። ከተነሳ ዓይናችሁ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ከሽፋኑ ሥር ያለችው የውሃ መውጫ ላይ። ጣና ዳር «ሸና» የሚሉት እሱን ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልሸና አጥፉ። ቀዳዳዋን በናይለን ክር ጎርጉሩና እንደገና ሞክሩ፤ የሸረሪት ቤት ሊሆን ይችላል። አሁንም ካልሸና እግሩን መልሳችሁ አውርዱ። «ትንሽ ይሥራና ይመጣል» የሚል ሰው ካለ ሞተሩ የሱ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ጭሱ ብዙ ነው። ውስጥ የጨመራችሁት ዘይት ነው የሚቃጠለው። ቴስታታውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ይሞቃል እንጂ እጅ አያስነሳም። የበርሜሉ ውሃ ራሱ እየሞቀ ስለሚሄድ ቀይሩት። የወጣውን ዘይት የቀላቀለ ውሃ ወደ ሐይቁ አትድፉ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚያም በላይ ከዳሩ ውሃ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው አለ።

ለምን ጉልበት አነሳት?

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ሞተሩ ሰነፍ ከሆነባችሁ መካኒኩን አትውቀሱ። ከፍታው ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ጣና ላይ ይህ ወደ 18 ከመቶ ይደርሳል። 40 የተጻፈበት ሞተር እዚህ 33 ገደማ ነው። በሳሳው አየር ላይ ደግሞ ካርቡራተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ርካሹ ፕሮፔለሩ ነው። ጉንጩ ላይ ወይም መሐሉ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት መሄድ እንዳለበት ይናገራል። ፒቹን በአንድ ኢንች ስትቀንሱ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ሰው ጭናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ብትፈልጉ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ጂግለሩን አንድ ቁጥር አሳንሶ መግጠም ነው። ይህን ማንዋሉ ከሚለው ውጪ አታድርጉ። ነዳጅ ያነሰው ቱ ስትሮክ ዘይትም ያነሰው ነው፤ ፒስተኑ ይቀልጣል። እኔ ብሆን ፕሮፔለሩን ቀይሬ ጂግለሩን እተወዋለሁ።

የጀልባዋ አካል

ላሜራ ከሆነች የሳሳውን ቆርጣችሁ አውጡና አዲስ ላሜራ አስበይዱ። በሳሳ ላሜራ ላይ ደርቦ መበየድ ከዓመት በላይ አይቆይም። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የነዳጅ ታንኩና ቱቦው ከጀልባዋ ላይ ይውጡ፤ ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ነው የሚፈነዳው። ከዚያ ዝገቱን ፈግፍጎ፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ላዩን ቀለም።

ፋይበር ግላስ ከሆነች ቀዳዳውን ዙሪያውን አስፍታችሁ ፈግፍጉ፣ በአሴቶን አጽዱ፣ ከዚያ የፋይበር ጨርቁን በሬዚን (በፈሳሽ ማጣበቂያው) እያራሳችሁ ደራርቡ። ሬዚኑ ላይ የሚጨመረው ማድረቂያ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ነው። በባሕር ዳር ፀሐይ ሬዚኑ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ ትንሽ ትንሽ እየበጠበጣችሁ ሥሩ።

የመጀመሪያው ጉዞ

ጠዋት ውጡ። ጣና ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ያመጣል። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ግን ለሙከራ አትሂዱ። ሞተሩ ቢጠፋ ውሃው ዓባይ መውጫ ላይ ወዳለው ጨራ ጨራ ግድብ ይዟችሁ ይወርዳል፤ ጉማሬም እዚያ አካባቢ አለ። ዳሩን ይዛችሁ፣ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ሞክሩ። ከዚያ ክብራንና እንጦስ፤ ዘጌ ደግሞ በሌላ ቀን።

ከመግፋታችሁ በፊት ታች ያለችው የማፍሰሻ ቡሽ ተዘግታ እንደሆነ አንድ ሰው ያረጋግጥ። ይህን የሚረሱ ባለሙያዎች አሉ። መቅዘፊያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፣ ባልዲ፣ ረጅም ገመድ፣ ስልክ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ትርፍ ካንዴላና ለፕሮፔለሩ ትርፍ ኮፒሊያ (እንዳይወልቅ የሚይዘው ሽቦ) ይኑራችሁ። ከነዳጁ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለነፋስ።

ታንኳ ሲገጥማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ የእናንተ ማዕበል ደንገሏን ይገለብጣታል። መረብ መኖሩን የሚያሳዩ ተንሳፋፊ ምልክቶችን ዞራችሁ እለፉ። እምቦጭ ውስጥ ከገባችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ በመቅዘፊያ ውጡ፤ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ሽንቱ ከቀነሰ እዚያው አጥፍታችሁ መሳቢያውን አጽዱ።

ስትመለሱ ጣና ጨው ስለሌለበት እንደ ባሕር ጀልባ በንጹሕ ውሃ ማጠብ የግድ አይደለም፤ ክረምት ሲሆን ግን ለጭቃው ሲባል በበርሜል ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አሠሩት። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት በኋላ የማርሽ ዘይቱን እንደገና ክፈቱና መልኩን እዩ። ጠርቶ ከወጣ ሲሉ ሠርቷል። ሳምንት ሁለት ሳምንት የማትጠቀሙበት ከሆነ የነዳጁን ቱቦ ነቅላችሁ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ አሠሩት። ሞተሩንም ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አጋድማችሁ ካሳደራችሁት ውስጥ የቀረው ውሃ በጭስ መውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል።